ፒያኖውን የነካው ማነው

ወንድይራድ ደወሉን ሊጫን ጣቱን ሲዘረጋ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘው፤ ከውስጥ ደግሞ ስለ እሱ ሲወራ ሰማ። «ሦስቴ ቃኘው፣ ሦስቴም ተበላሸ» ትላለች ሴትየዋ በስልክ። «አይ፣ ሰውየውስ ጨዋ ነው። ጆሮው ግን የሚሰማ አይመስለኝም። ወይ ደግሞ የምፈልገው ነገር ስላልገባው ዝም ብሎ እንደለመደው እየመለሰው ነው። ዛሬን ልየውና ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።» ወንድይራድ ጣቱን ሰበሰበ። የመሣሪያ ቦርሳውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ወደ መንገዱ ሁለት እርምጃ ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ከተማ የሰው ፒያኖ ሲቃኝ ብዙ ተብሏል፤ ውድ ነህ ተብሏል፣ ዘገየህ ተብሏል፣ አንዴ እዚያው ሰፈሩ ዌምብሊ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ፒያኖውን ሊገዛ የመጣ ሰው መስሏት ሩብ ሰዓት ሙሉ ዋጋ ተከራክራዋለች። አይሰማም ግን ተብሎ አያውቅም። ትንሽ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ኮቴው እንዲሰማ እየረገጠ ተመለሰና ደወሉን ረዘም አድርጎ ተጫነ።

የከፈተችው ደፍኔ ናት፤ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ የምትዞር የሙዚቃ ደራሲ። አባቷ ቱርክ፣ እናቷ አሜሪካዊት ናቸው፤ የሁለቱን አገር ዜማ ያጋባች እየተባለ ስሟ በሬዲዮ ይጠራል። የወንድይራድ ሚስት ብፅዓት ስሟን መጀመሪያ የሰማች ቀን «ምኑን ነው የደፈነችው?» ብላ ስቃ ነበር። «ሚስተር ዎንዲ፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ብርዱ አልጎዳዎትም?» አለችው ፈገግ ብላ። እንግሊዝኛ አንተና አንቱን አይለይም፤ ወንድይራድ ግን ከድምፅ ይለየዋል። በስልኩ አንተ ነበር፣ በሩ ላይ አንቱ ሆነ። ይህን ልብ አለና ኮቱን ሰቀለ።

ፒያኖው ያለው በመንገዱ በኩል ባለው ሳሎን ነው። የሃክኒ ሰፈር የድሮ ቤት ስለሆነ ጣራው ሩቅ ነው፣ መስኮቱ ብርድ ያስገባል። ፒያኖው ጥቁር፣ ትልቅ፣ መቶ ዓመት ያለፈው፣ ከአሜሪካ በመርከብ የመጣ ነው፤ ክዳኑ ላይ ማንም ወልውሎ ሊያስለቅቀው ያልቻለ የብርጭቆ ክብ አለበት። ከሳሎኑ ጀርባ ሌላ ጠባብ ክፍል አለ፤ በመካከላቸው ያለው በር ወንድይራድ በመጣ ቁጥር ዝግ ነው። ደፍኔ በመጀመሪያው ቀን የፈለገችውን ስታስረዳው አልተቸገረም። በቱርክ ዜማ ውስጥ ፒያኖ የማያውቃት ድምፅ አለች፤ በአንዱ ቁልፍና በጎረቤቱ መካከል የምትቀመጥ። እሷን ለማግኘት በፒያኖው መካከል ያሉ ሰባት ቁልፎች ከልማዳቸው ጥቂት ዝቅ ብለው መቃኘት አለባቸው፤ ስንት ዝቅ እንደሚሉም ደፍኔ ከመጽሐፍ አስልታ በቁጥር ጽፋ ሰጥታዋለች። ሌላ ቃኚ ቢሆን ፒያኖ አላበላሽም ብሎ በሄደ። ወንድይራድ ግን ክራር የሚመታ አጎት ስለነበረው፣ ቅኝት አንድ ብቻ አለመሆኑን ከልጅነቱ ያውቃል። እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር የጀመረው።

«በስልኬ አፕ ቼክ አደረግኋቸው» አለችው አሁን፣ ወረቀት እያቀበለችው። «ሰባቱም ወደ ድሮው ቦታቸው ተመልሰዋል። ደግሞ ይቺ ከላይ ያለችው፣ ቀጭኗ፣ እሷን በተለመደው ቦታዋ ይቃኟት ብዬ ነበር፤ እሷ ወርዳለች። ሙዚቀኞቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ሚስተር ዎንዲ። ከኮንሰርቱ በፊት የመጨረሻ ልምምዳችን ነው።» ወንድይራድ ወረቀቱን አየ። ስምንት ቁልፎች ተጽፈዋል። «እኔ ትቼያቸው ስሄድ ልክ ነበሩ» አለ። «ነበሩ ይሆናል» አለች እሷ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ከዚያ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች። ደረጃው እንጨት ስለሆነ እርምጃዋ እየተቆጠረ ተሰማው፤ መጨረሻው ላይ ቆም አለች። ወንድይራድ መጀመር አለመጀመሩን እያዳመጠች እንደሆነ ጠረጠረ።

ክዳኑን አንስቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጁን ግን ወደ መሣሪያው አልሰደደም። ፒያኖ በራሱ ይወርዳል፤ ይህ የታወቀ ነው። ማሞቂያው ቅርብ ከሆነ፣ ክፍሉ አንዴ ርጥብ አንዴ ደረቅ ከሆነ፣ ክሩ ይላላል። በራሱ የሚወጣ ፒያኖ ግን፣ ያውም ሰባት ቁልፍ ብቻ መርጦ፣ ያውም ልክ በድሮው ቦታ ላይ የሚቆም ፒያኖ አላጋጠመውም። ስለዚህ ወይ ሰው ነክቶታል፣ ወይ ደግሞ ወንድይራድ ዝቅ አደረግሁ እያለ ዝቅ አላደረገም። ሁለተኛውን ሐሳብ ገና ሳይጨርሰው ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ልጁ ሶልያና ናት።

«ባባ፣ የጆሮውን አፖይንትመንት ለምንድነው ኮንፈርም የማታደርገው? ሐሙስ እኮ ነው። ሊንኩን ሁለት ጊዜ ላክሁልህ።»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ሶሊ።»

«ኦልዌይስ ሥራ ላይ ነህ። ማሚ ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማ ከፍ ያደርገዋል አለችኝ። ጀስት ቴስት ነው፣ ባባ። ሃያ ደቂቃ።»

«እናትሽ ነገር ታጋንናለች። እደውልልሻለሁ» አለና ዘጋው።

ብፅዓት ነገር አታጋንንም። ቴሌቪዥኑን አንድ ቀን ራሷ ዝም ብላ ቀነሰችው፣ እሱም ዝም ብሎ መልሶ ከፍ አደረገው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በመካከላቸው ስለ ቴሌቪዥን ወሬ የለም። ይልቅ ሁለቱም ስለ ባቡር ይነጋገራሉ። ዛሬ ጠዋትም ስለ ባቡር ነበር፤ ዊልስደን ጣቢያ ላይ ይቀየራል ወይስ ቀጥታ ይሄዳል እያሉ ሻያቸውን ጨርሰዋል። ወንድይራድ በሽተኛ ነህ መባልን አይፈራም፤ ስኳርም ደም ግፊትም ቢሆን ኪኒን ይዋጣል። ለቃኚ ግን ጆሮ ምኑ ነው? ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር ባቡር ሐዲዱ ሥር በነበረችው ወርክሾፕ ሥራውን ያስተማሩት ፖላንዳዊ ሽማግሌ፣ ወርክሾፗ ከመፍረሷ በፊት፣ አንድ ቀን ጠዋት መሣሪያቸውን ጠቅልለው ለእሱ ሰጥተው ሄደዋል። ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው ጆሯቸውን በጣታቸው ነካ ብቻ ነው ያደረጉት።

ቀና ሲል የደፍኔ እናት በሩ ላይ ቆመው ያዩታል። ወይዘሮ ሎሬን ይባላሉ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ። ባለፉት ሦስት ጊዜያትም እንዲሁ መጥተው አይተውታል፤ ሰላምታው አጭር ነው። «ደህና አደሩ» አላቸው። «ዛሬም መጡ?» አሉት። «ዛሬም መጣሁ።» ትንሽ ቆዩ፤ እሱን ሳይሆን የተከፈተውን ክዳን ነው የሚያዩት። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። ሴትዮዋ የሰው እጅ እንደሚጠብቁ ሱቅ ጠባቂዎች ናቸው ብሎ አሰበ። ምን እንዳይሰረቅ ነው? የፒያኖ ክር ማን ይሰርቃል?

ትንሿን ባትሪውን አብርቶ ወደ ውስጥ ጎነበሰ። ክሮቹ ጫፋቸው ላይ በብረት ሚስማሮች ተጠምጥመዋል፤ ቃኚ በመፍቻው የሚያዞረው እነዚያን ነው። ለአንድ ቁልፍ ሦስት ክር፣ ሦስት ሚስማር። የወንድይራድ መፍቻ አፉ ጥሩ ስለሆነ ሚስማሩን ግጥም አድርጎ ይይዛል፣ ምልክት አይተውም። ባትሪውን ወደ መጀመሪያዋ ቁልፍ ሚስማሮች ሲያዞር ግን ጫፋቸው ላይ አዲስ የሚያበራ ጭረት አየ። ሦስቱም ላይ። ወደሚቀጥለው ሄደ፤ እዚያም አለ። ጎረቤቷን፣ ማንም ያልነካትን ቁልፍ ቼክ አደረገ፤ ጥቁር አቧራዋን ለብሳ ተቀምጣለች። አንድ ሁለት እያለ ሰባቱን ጨረሰ፤ ሃያ አንድ ሚስማር፣ ሃያ አንድ ጭረት። አፉ ያለቀ፣ አሮጌ መፍቻ የሠራው ሥራ ነው። ወንድይራድ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና በአፍንጫው ረዥም ትንፋሽ ለቀቀ። እሰይ፤ ሰው ነው። ጆሮዬ አይደለም።

ደስታው ግን ወዲያው ወደ ንዴት ተለወጠ። ማነው? መጀመሪያ የጠረጠረው ደፍኔን ነው። ሌላ ቃኚ ማምጣት ፈልጋ፣ ወዳጅ ዘመድ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ያለ ምክንያት ማባረር ስለከበዳት ምክንያት እየፈጠረች ይሆናል። እዚህ አገር ሰው በቀጥታ ሂድ አይልህም፤ ራስህ እስክትሄድ ወረቀት ያበዛብሃል። ግን ደግሞ የራሷን ልምምድ ለምን ታበላሻለች? ወይስ ሌላኛው ቃኚ አስቀድሞ መጥቶ ነበር? እንዲያ ከሆነ አፉ ባለቀ መፍቻ የሚሠራ ቃኚ ምን ዓይነት ነው? እያወጣ እያወረደ ሳለ በወረቀቱ ላይ ስምንት ቁልፍ መጻፉ ትዝ አለው። ስምንተኛዋ፣ ከላይ ያለችው ቀጭኗ። ባትሪውን አንስቶ ወደ ቀኝ ጫፍ ወሰደው። ሦስቱ ሚስማሮች ጥቁር ናቸው። ጭረት የለባቸውም። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ። ንጹሕ ናቸው።

ቁልፏን መታት። ልክ ናት። እንደገና መታት፤ ለእሱ ጆሮ ልክ ናት። ስልኩን አወጣ። ሶልያና ባለፈው ዓመት የማስተካከያ አፕ ጭናለት ነበር፤ ወጣቶቹ ቃኚዎች የሚጠቀሙበት ነው፣ እሱ አንድም ቀን ከፍቶት አያውቅም። ከፈተውና ቁልፏን መታ። መርፌዋ ወደ ግራ ወደቀች፤ ወርዳለች ማለት ነው። ሦስቴ ቢመታ ሦስቴም እዚያው ወደቀች። 

ውሃ ፍለጋ ወጥ ቤት ገባ። ወይዘሮ ሎሬን ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው ሲሚት ይበላሉ፤ ከጥጉ የቱርክ ዳቦ ቤት የሚመጣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ነው። ሳይጠይቁት ቆርሰው ሰጡት። «አሁን ሁለት ፓውንድ ከሃያ አስገብተውታል» አሉ። «ባሌ እያለ ሰማንያ ሳንቲም ነበር።» ጠረጴዛው ላይ የኮንሰርቱ ማስታወቂያ ተዘርግቷል፤ የደፍኔ ፎቶ አለበት፣ ከሥሩ ደግሞ በትልቅ ፊደል «ያደግሁት የአባቴ ዑድና የእናቴ ፒያኖ አብረው በሚዘምሩበት ቤት ነው» ይላል። ዑድ እንደ ክራር በክር የሚመታ የቱርክ መሣሪያ ነው። የብርጭቆ ውሃውን እየጠጣ አነበበው። ዞር ሲል ሴትየዋ እያዩት ነው።

«ወይዘሮ ሎሬን» አለ ወንድይራድ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ። «ከእኔ ሌላ ፒያኖውን የነካው ማነው?»

 ሴትየዋ ተነሡና የማንኪያ መሳቢያውን ሳቡ፤ ከሹካና ከቢላዋው መካከል የእንጨት እጀታ ያለው አሮጌ መፍቻ አውጥተው ማስታወቂያው ላይ፣ የልጃቸው ፎቶ ላይ አኖሩት። እጀታው ከብዙ እጅ ላብ የተነሣ ጠቁሯል። «የአባቴ ነው» አሉ። «ቴነሲ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እየዞረ ፒያኖ ይቃኝ ነበር። እኔ ክሩን እይዝለት ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ልጄ ልታስተምር ስትወጣ ነው የሠራሁት። ጥሩ ነበር የሠራሁት?»

ወንድይራድ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር። «ልክ በቦታቸው ነው የመለሷቸው» አለ፣ ሳያስበው።

«ፒያኖው የእኔ ነው» አሉ ሎሬን። «ይነካ ወይ ብሎ ማንም አልጠየቀኝም። ደግሞ ይሄ ውሸት ነው።» በጣታቸው ከመፍቻው ሥር የተጻፈውን መቱት። «አብረው የዘመሩበት ቀን የለም። ባሌ ጀላል ቀን የልብስ ፋብሪካ ይሠራል፣ ማታ ዑዱን ይዞ ከኋላ ያለችው ክፍል ይገባል። እኔ ሳሎን መዝሙሬን እጫወታለሁ። በሩ ይዘጋል። የእሱ ዜማ የእኔን ያበላሻል፣ የእኔም የእሱን። ተጣልተን አይደለም፤ እንዲያ ተስማምተን ነው አርባ አንድ ዓመት የኖርነው። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ትሰማ ነበርና በእሷ ጆሮ ተደባልቋል። አሁን አባቷ ከሞተ በኋላ ነው ያጋባችን።»

«ታዲያ ለምን ለእሷ አይነግሯትም?»

«እሷስ ለምን አትጠይቀኝም?» አሉ። ከዚያ ሲሚቱን መልሰው በፎጣ ሸፈኑ። ወንድይራድ ይህን መልስ ያውቀዋል፤ የራሱ ቤት መልስ ነው። ሰው ባቡር የት እንደሚቀየር እያወራ የሚኖርበት ቤት።

«ስምንተኛዋንስ?» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ከላይ ያለችውን?»

ሎሬን ቅንድባቸውን አነሡ። «እኔ ሰባት ብቻ ነው የነካሁት።»   ሴትየዋ ፊቱን አነበቡት፤ የቃኚ ልጅ ናቸውና ምን እንዳነበቡ ለማወቅ አልተቸገረም። «አባቴንም ጆሮው መክዳት የጀመረው ከላይ ነበር» አሉ በደግነት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እሱ አስጠጉ። «ስሙኝ፣ ሚስተር ዎንዲ። ልጄ ማሞቂያው ነው ቢሏት ታምናለች። ስለ መፍቻው ምንም አይበሏት። እኔም ስለ ስምንተኛዋ ምንም አልልም። ከዛሬ ወዲያ አልነካውም። እርስዎም ሥራዎ አይነካም።»

ኮሪደሩ ላይ፣ ከተሰቀለው ኮቱ አጠገብ ቆመ። ነገሩ ቀላል ነው። ማሞቂያው ነው ይላል፤ ማሞቂያው ከፒያኖው ሁለት እርምጃ ነው ያለው፣ ውሸት እንኳ አይመስልም። ሰባቱን ይቃኛል፣ ስምንተኛዋን በስልኩ አፕ ያስተካክላታል፤ ማንም አያውቅም። በሚቀጥለው ቤትም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም። ደረጃው ላይ የደፍኔ ድምፅ ይሰማል፤ አሁንም በስልክ ናት፣ የምትለው ግን አይለይም። ድምፁ አለ፣ ቃሉ የለም። ከመቼ ጀምሮ ነው ከፎቅ የሚመጣ ቃል እንዲህ የማይለየው? ኮቱን ያዝ አደረገው፣ ለቀቀው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለሶልያና በአማርኛ «ሐሙስ እመጣለሁ» ብሎ ጻፈላት። ከላከው በኋላ እንዳይጸጸት ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ደረጃው ቀና ብሎ ተጣራ።

ደፍኔ እርሳሷን እንደሰካች ወረደች። «አገኙት?» አለች።

«ስለ ስምንተኛዋ ልንገርዎት» አለ ወንድይራድ። «እሷ የእኔ ጥፋት ናት። በጆሮዬ ልክ ናት፤ በመሣሪያ ግን ወርዳለች። ቅድም በስልኬ ቼክ አድርጌ ነው ያረጋገጥኩት። የቀጫጭኖቹን ቁልፎች ድምፅ ጆሮዬ መያዝ ትቷል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ስልክ ላይ ያሉት ትክክል ነው።»

ደፍኔ ፊቷ ቀላ። በሩ ገርበብ ብሎ እንደነበር ትዝ ያላት ይመስላል።  «ሰባቱስ?» አለች።

«ስለ ሰባቱ የምለው የለኝም።»

ይህን ሲል ከማንም ጋር አልተስማማም፤ ምንም አልዋሸም፣ ምንም አልተናገረም። ደፍኔ ግን ሞኝ አይደለችም። «የለኝም ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ልትቀጥል ስትል ወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ወይዘሮ ሎሬን መፍቻውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ወንድይራድን ገላመጡት፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«ሰባቱን እኔ ነኝ» አሉ።

ወንድይራድ መውጣት ፈለገ። ኮሪደሩ ግን ጠባብ ነው፤ አንዷ በደረጃው በኩል፣ አንዷ በወጥ ቤቱ በኩል ይዘውታል፣ እሱ ከኮቶቹ መካከል ቆሟል። ደፍኔ አልጮኸችም። «ሦስት ሳምንት፣ እማዬ» አለች ዝግ ብላ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቀናበርኩት አይሠራም ብዬ እያለቀስኩ ስተኛ እዚያ ቁጭ ብለሽ ታዪኝ ነበር። ይኼን ሰው ልታስባርሪው ነበር።» ሎሬን «አውቃለሁ» አሉ። «ለምን?» «ፒያኖዬ ነው።» «እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»  አውቶቡስ በመንገዱ አለፈ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። «የጻፍሽው የእሱ ድምፅ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «የእኔም አይደለም፣ የእሱም አይደለም። ስሰማው ቤቴ ውስጥ የማላውቀው ሰው የገባ ይመስለኛል።»

ደፍኔ ፊቷን አዙራ ወደ ሳሎን ገባች። ሁለቱ ተከተሏት፤ ሌላ የሚኬድበት ስላልነበረ ነው። መስኮቱ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ከዚያ ሳትዞር ተናገረች፤ ለወንድይራድ ነው። የፒያኖውን የላይኛ ክፍል ሰኞ ሌላ ሰው ይሠራዋል፣ ከእንግዲህም የላይኛውን ሌላ ሰው ነው የሚሠራው። መካከለኛውን ግን ዛሬ ማንም ስለማይደርስ፣ ከፈቀደ፣ እሱ ይጨርሰው። የአንቱ ድምፅም አልነበረም፣ የአንተም አልነበረም፤ ነገሩን እንዳለ የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። ወንድይራድ ፍርዱ ትክክል መሆኑን አወቀ። «እሺ» አለ። መፍቻውን ከቦርሳው አውጥቶ የመጀመሪያዋ ቁልፍ ሚስማር ላይ አገባ። በግራ እጁ ቁልፏን ሊመታ ሲዘረጋ ሌላ እጅ ቀደመው። ወይዘሮ ሎሬን ናቸው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። «አባቴ ሲሠራ የምመታለት እኔ ነበርኩ» አሉ። መቱ።

እሱ ቀስ ብሎ አላላ። ድምፁ እንደሚወርድ ውሃ ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለ፤ ደፍኔ የጻፈችው ቁጥር ጋ ሲደርስ አቆመ። «እዚህ ነው» አለ። ሎሬን እንደገና መቱ፣ ጭንቅላታቸውን ዘመም አድርገው አዳመጡ። «አይደለም» አሉ። «የእሱ ከዚህ ይወርዳል።» ወንድይራድ ደፍኔን አየ። ደፍኔ ዞራለች።  አንዲት ፀጉር ታህል ደግሞ አላላ። «ትንሽ» አሉ ሎሬን፣ እየመቱ። «ትንሽ ደግሞ። አሁን አለፈ፤ ይመልሱት። እዚያ ጋ።» ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ቆመ። ወንድይራድ እንደዚህ ያለ ድምፅ ከፒያኖ ሰምቶ አያውቅም፤ የሚያለቅስም የሚስቅም አልነበረም፣ ሰው ብቻውን ሆኖ ሲያንጎራጉር ነው የሚመስለው። ይህኛውን ጥርት አድርጎ ሰማው።

ደፍኔ ወደ ፒያኖው ቀረበች። «በምን አወቅሽ?» አለች እናቷን። ድምፅዋ የልጅ ሆኗል። «እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው የቆየሁት። በሩ ዝግ ነበር አላልሽም?»

ሎሬን ከቁልፉ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። «ዝግ ነበር» አሉ። «እኔ ግን ከእሱ ቀድሜ ነበር መጫወቴን የማቆመው።»

ደፍኔ እርሳሱን ከጆሮዋ ነቅላ ወረቀቱን ፒያኖው ላይ ዘረጋች። የመጀመሪያውን ቁጥር ሰረዘችው። በምትኩ ምን እንደምትጽፍ ግን አላወቀችምና እርሳሷን እንደያዘች ጠበቀች። ሎሬን ወደሚቀጥለው ቁልፍ እጃቸውን አሳለፉ፣ ወንድይራድም መፍቻውን አሳለፈ። ሦስተኛዋ ላይ ደርሰው ሳለ የበሩ ደወል ጮኸ፤ ሙዚቀኞቹ ናቸው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ደወሉ ሁለተኛ ጮኸ።

«ይጠብቁ» አሉ ወይዘሮ ሎሬን፣ ቁልፉን እየመቱ። «አራት ቁልፍ ይቀረናል።»